ለሁለት ወፎች የወጣ መመሪያ

እስከ ዛሬ ያልገባኝ ነገር ምን መሰላችሁ? ያ ሰውዬ «የአፍሪካ ወፎች ናቸው፤ ብርድ አይችሉም» ሲለኝ፣ እኔም «እሺ» ብዬ ራሴን ስነቀንቅ፣ ሁለታችንም የት ነው የቆምነው ብለን አለማሰባችን ነው። ባሕር ዳር ላይ፣ ከጣና ጥቂት እርምጃ ርቀን ቆመን፣ አፍሪካ ማለት ለእኔ ወደ ታች የሆነ ቦታ፣ አሸዋና ሐሩር ያለበት፣ እኛን የማይመለከት አገር ነበር። እሱስ ፈረንጅ ነው፣ ይሁን። እኔን ምን ነካኝ?

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው። ዱርቤቴ ተወልጄ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ባሕር ዳር በክር ፋብሪካ የተቀጠርሁ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ሥራዬ የአየር ሥራ ነው። ጥጥ የሚፈተልበት አዳራሽ አየሩ ከደረቀ ክሩ ይበጣጠሳል፤ ስለዚህ በየሰዓቱ ቴርሞሜትር ይዤ አዳራሹን እዞራለሁ፣ ሙቀቱንና እርጥበቱን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ጎደለ ስል ውሃ የሚረጨው መሣሪያ ይከፈታል፣ በዛ ስል ይዘጋል። ጓደኞቼ «ሜትሮሎጂ» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ያሹፉ፤ በአራት ዓመት ውስጥ ግን አንዲት ቁጥር በግምት ጽፌ አላውቅም።

ያ ሰውዬ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የመጣ መሐንዲስ ነው። እኛ ጓድ ኤክስፐርት እንለዋለን። አማርኛውን እንደ ምንም ያወራል፣ ደብተሬን በየሳምንቱ ያያል፣ ከንፈሩን ሞጥሞጥ አድርጎ «ጥሩ» ይላል፣ ይሄዳል። በዚያ ዓመት ፋብሪካው አንድ ሠራተኛ ለሁለት ዓመት ትምህርት ወደ እሱ አገር ሊልክ ሆነ። የመጨረሻው ቃል የኤክስፐርቱ ደብዳቤ ነው ተባለ። የቀረነው ሁለት ሰዎች ነን፤ እኔና ከፈተላ ክፍል አንድ ጎልማሳ። ጎልማሳው በውይይት ክበብ ከሁሉ ቀድሞ እጁን የሚያነሣ፣ ሁሉም ጥቅስ በቃሉ የሆነ ሰው ነው። እኔ በስብሰባ እንቅልፌ ይመጣል። ያለ ደብዳቤው ምንም ተስፋ አልነበረኝም።

ሰኔ ላይ ኤክስፐርቱ ለዕረፍት ወደ አገሩ ሊሄድ ሲል ቤቱ ድረስ አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ የሽቦ ቤት ተቀምጧል፤ ውስጡ ሁለት አረንጓዴ ወፎች ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ያዩኛል። መንቁራቸው ቀይና ቆልመም ያለ ነው። የወንዱ ግንባር ደግሞ ቀለም የተቀባ ይመስል ቀልቷል። ከኤክስፐርቱ በፊት የነበረ ሌላ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ትቶለት የሄዳቸው ናቸው። «የፍቅር ወፎች ይባላሉ። አንዱ ከሞተ ሌላውም አይቆይም» አለኝ።

ቀጥሎ አንድ ወረቀት ሰጠኝ። ከአገሩ መጽሐፍ ላይ የቀዳውን በቢሮ ጸሐፊዋ አስተርጉሞ፣ በታይፕ አስመትቶ፣ ከላይ «መመሪያ» የሚል አስጽፎበታል። የሙቀቱ መጠን ከሠላሳ ዲግሪ እንዳያንስ፤ ነፋስ ማስገባት በጥብቅ የተከለከለ ነው፤ ገላቸውን ውሃ እንዳይነካ። ማኅተም ብቻ ነው የቀረው። ወረቀቱን ተቀብዬ ልወጣ ስል፣ «ስመለስ ስለ ደብዳቤው እንነጋገራለን» አለኝ።

ለምን በአንድ ትንፋሽ ተናገረው? ፈተና ነው? ወይስ ስለ ወፍ ጨርሶ ስለ ደብዳቤ ማውራቱ ነው? እስከ ቤቴ ድረስ የሽቦውን ቤት አቅፌ እሱን ሳወጣ ሳወርድ ሄድሁ። በማግስቱ ለሥራ ጓደኞቼ ብነግራቸው ከኔ ብሰው ቁጭ። «ፈተና ነው እንጂ!» አለችኝ አንዷ። «የሰው አገር ወፍ ማኖር ያልቻለች፣ የሰው አገር ኑሮ እንዴት ትችላለች ብሎ ነው።» ሌላዋ «ኧረ ሰውዬው የሚሰጠው ሰው አጥቶ ነው፣ አታካብዱ» ትላለች። እኔ የመጀመሪያዋን አመንሁ። ሰው መቼም የሚያስጨንቀውን ያምናል።

የምኖረው ደባል ሆኜ ነው፤ ከሐይቁ ዳር ብዙ በማይርቅ ሰፈር፣ ከአንዲት የወረታ ሰው ጋር። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ገበያ ላይ ጨርቅ የሚሸጡ እስላም ናቸው። እትዬ ነው የምላቸው። ክፍሌ አንዲት መስኮት ያላት ጠባብ ነገር ነች። እንግዲህ ለወፎቹ አገራቸውን ልሠራላቸው ተነሣሁ። መስኮቱን በላስቲክ ለበጥሁ፣ የግድግዳውን ስንጥቅ ሁሉ ከፋብሪካ በሚጣል የጥጥ ብጣሪ ወተፍሁ፣ የመቶ ሻማ አምፖል ሁለት ከሽቦው ቤት ግራና ቀኝ አንጠለጠልሁ። ቴርሞሜትሩ ሠላሳ ሲሞላ እጄን አጨበጨብሁ። ከዚያ ደግሞ የራሴን ጨመርሁበት፤ መመሪያው ስለ እርጥበት ምንም አይልም፣ ታዲያ እርጥበት የሌለው አየር አየር ነው? ለክር የሚስማማው ለወፍ ላባ ምን ይከፋዋል ብዬ፣ እርጥብ ጆንያ ዙሪያውን ሰቀልሁ። ክፍሉ የፈተላ አዳራሽ ሆነ። የጎደለው መኪናው ብቻ ነበር።

እትዬ ገብተው አዩና እጃቸውን በአፋቸው ጫኑ። «ያ አላህ! ልጄ፣ አንቺ የት ልትተኚ ነው?»

«እዚሁ።»

«እዚህ? እዚህ እኮ ድንች ይቀቀላል!»

ሥራ ስሄድ ቴርሞሜትሩን የሚጠብቁልኝ እሳቸው ናቸው። ቁጥር ስለማይለዩ ሠላሳው ላይ ቀይ ክር አሰርሁላቸው። «ቀዩ ጋ ካልደረሰ በሩን ጥብቅ አድርገው ይዝጉልኝ» እላለሁ። «ካለፈስ?» ይሉኛል። ስለ ማለፍ መመሪያው አልተናገረም። «ቢያልፍ ግድ የለም» አልኋቸው። እንዲህ ማለቴን ሳስታውስ አሁንም ፊቴ ይግላል።

የሐምሌ ዝናብ ወረደ። ከተማው ሁሉ ጋቢና ካፖርት ሲደርብ እኔ በስስ ቀሚስ ላቤን እየጠረግሁ አድራለሁ። ዝናቡ ጋብ ብሎ ፀሐይ በቆርቆሮው ላይ ያረፈች ቀን ሠላሳ ስድስት ይገባል። ወፎቹ ምግብ ቀነሱ። ከዚያ አፋቸውን ከፍተው መተንፈስ ጀመሩ። ክንፋቸውን ከገላቸው አርቀው፣ ብብታቸው የቆሰለ ይመስል፣ ቁጭ ይላሉ። ተጣብቀው ይቀመጡ የነበሩት አሁን አንዱ ከዚህ ጥግ አንዷ ከዚያ ጥግ። ሴቷ ደረቷ ላይ ያለውን ላባ በገዛ መንቁሯ እየነቀለች ትጥለው ጀመር። ብርድ ነው እላለሁ፤ ሦስተኛ አምፖል እጨምራለሁ።

አንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ መብራት ጠፋ። አበቃላቸው ብዬ ከሥራ እየሮጥሁ ብመጣ፣ ወፎቹ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሱፍ ይፈለፍላሉ። ይንጫጫሉ እንዲያውም! ቴርሞሜትሩን ባየው ሃያ አንድ። ግራ ገባኝ። መብራት ሲመጣ እንደገና አኮረፉ። ይህን ሁሉ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ቁጥሩም ሰዓቱም አለ። ልጅት ሥራዋ ቁጥር ማንበብ ነው፤ ቁጥሩ ፊቷ ላይ ተቀምጧል፤ አላነበበችውም። ከመመሪያው ጋር ስላልገጠመ የተበላሸው ቴርሞሜትሩ መሰለኝ።

የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። «እንቁላል ይጥላሉ?» አለኝ። «አይጥሉም።» «ይታረዳሉ?» «ኧረ!» «ታዲያ ምን ያደርጉልሻል?» ብሎ ሲያበቃ ለዶሮ የሚሰጥ ዱቄት ሰጠኝ። ፋብሪካ ውስጥ ደግሞ ምክሩ ሌላ ነው። አንዱ አገራቸው ናፍቋቸው ነው ይላል፤ ሌላው የፈረንጅ ቋንቋ ለምደው ነው፣ ሬድዮ ክፈችላቸው ይላል። አይፈረድብኝም፣ ከፈትሁላቸው! ማታ ማታ በማላውቀው ቋንቋ የሚነበብ ዜና እኔና ሁለት የታመሙ ወፎች ቁጭ ብለን እናዳምጣለን። ጎልማሳው ተፎካካሪዬ እንኳ በአጠገቤ ሲያልፍ «እንዴት ነው ሆስፒታሉ?» ብሎ መሳቅ ጀመረ። ሆድ ባሰኝ።

ነሐሴ ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ አባቴ ከዱርቤቴ መጡ። ውጭ አገር ልትሄድ ነው የሚል ወሬ ደርሷቸው ነው። ዝናብ ያራሰውን ጋቢያቸውን እንደለበሱ ገቡና በሩ ላይ ቀጥ አሉ።

«ዳቦ ልትጋግሪ ነው?»

«አይ አባባ፣ ለወፎቹ ነው። የአፍሪካ ወፎች ናቸው፣ ብርድ አይችሉም።»

ጋቢያቸውን አወለቁና ወደ ሽቦው ቤት ጎንበስ አሉ። ብዙ አዩዋቸው። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ፤ ያመመኝ መስሏቸው ነው። «ልጄ፣ እነዚህን አታውቂያቸውም? የሾላ ወፍ እኮ ናቸው! ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ ያለውን ሾላ በየዓመቱ የሚጨርሱት። ምን አርገው ነው እሳት ላይ ያስቀመጥሻቸው?»

እንዴት እንደተቆጣሁ! አባቴን ተቆጥቼ የማላውቅ ልጅ፣ «እርስዎ ደግሞ! ሰውዬው ከመጽሐፍ አውጥቶ የጻፈውን እርስዎ ከሾላ ሥር ቁጭ ብለው ሊያርሙት ነው?» አልኋቸው። ጠዋት ግን፣ ሥራ ልሄድ ስል፣ «እስቲ ላንዳፍታ» ብለው ወደ ሐይቁ ዳር ይዘውኝ ወረዱ።

የምሄደው በየቀኑ በምሄድበት መንገድ ነው። ደንገል ከበቀለበት ውሃ ዳር አንድ ትልቅ ሾላ አለ፤ አራት ዓመት ሙሉ በሥሩ ሳልፍ ሰዓት እንዳይረፍድብኝ መሬት መሬት እያየሁ ነው። ያካፋል ዝናቡ። አባቴ በዱላቸው ወደ ላይ ጠቆሙ። መጀመሪያ ቅጠል ብቻ ነው ያየሁት። ቀጥሎ አንዱ ቅጠል ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ሌላው። ስምንት ይሆናሉ። ሾላውን ቦጨቅ እያደረጉ ይበላሉ፣ ዝናቡ ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው ይታጠባሉ፣ ይነካከሳሉ። ግንባራቸው የቀላም ያልቀላም አለ። ወይ ጉድ! ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ እኔን ያንቀጠቅጠኛል፣ እነሱ ጭራሽ ደስታ በደስታ ናቸው።

«እንግዲህ መስኮቱን ልክፈትላቸው?» አሉ አባቴ።

አሁን የምነግራችሁ ለእኔም በቅጡ አልገባኝም። ዐይኔ አይቷል፤ አምኛለሁም። ግን መንገድ ላይ ስሄድ እንዲህ ብዬ አሰብሁ፦ እንደ መመሪያው ሆኖ ከሞቱ ጥፋቱ የመመሪያው ነው፤ መስኮት ከፍቼ ከሞቱ ግን ጥፋቱ የኔ ነው። ደብዳቤዬ ይቀራል። ያን ጊዜ ሁላችንም እንዲህ ነበር የምናስበው መሰለኝ፤ ወይም እኔ ብቻ። ቆም አልሁና «አይንኩት። አስቤበት ከሥራ ስመለስ አያለሁ። ይማሉልኝ» አልኋቸው። አባቴ ማሉልኝ።

አሥር ሰዓት ላይ ስመለስ አባቴ ከበሩ ውጭ፣ ጣሪያው ሥር፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ቀኑን ሙሉ እዚያው ነበሩ። እትዬ «ግቡ ብላቸው እንቢ አሉ» አሉኝ። በሩን ከፈትሁ። ሴቷ የሽቦው ቤት ወለል ላይ በጎኗ ወድቃለች። ወንዱ ከጎኗ ቆሞ፣ አፉን ከፍቶ፣ በመንቁሩ አንገቷን ነካ ያደርጋታል፣ ይጠብቃል፣ እንደገና ነካ ያደርጋታል። ቴርሞሜትሩ ሠላሳ አራት ይላል።

አለቀስሁ። እንደ ሕፃን ነው ያለቀስሁት። ለወፏ ይሁን፣ ለደብዳቤው ይሁን፣ በር ላይ ለተቀመጡት አባቴ ይሁን አላውቅም። አባቴ «ነግሬሽ ነበር» እንኳ አላሉኝም። ብጣሽ አቡጀዲ ተቀብለውኝ ጠቀለሏትና ጓሮ ካለችው ጌሾ ሥር ቀበሯት። እኔ ላስቲኩን ከመስኮቱ ቀደድሁት፣ አምፖሎቹን ነቀልሁ፣ ጆንያዎቹን ወደ ውጭ ወረወርሁ። የሽቦውን ቤት በረንዳው ላይ፣ ለነፋሱና ለካፊያው ክፍት አድርጌ ሰቀልሁት። አንዱ ከሞተ ሌላውም አይቆይም ብሎኝ ነበርና ወንዱም ሲሞት ለማየት ቁጭ አልሁ።

አልሞተም። አባቴ ሾላ ከነቅርንጫፉ ቆርጠው አመጡለት። በማግስቱ በላ። በሦስተኛው ቀን ዝናብ ላይ ክንፉን ዘረጋ። በሳምንቱ ከሾላው ያሉት መጥተው ከጣሪያው ጠርዝ ላይ ሲጠሩት እየጮኸ መለሰላቸው፤ እትዬም ገበያቸውን ትተው ቆመው አዩ። «ለምን አትለቂውም?» አሉኝ። አባቴም ወደ ዱርቤቴ ሲመለሱ የተናገሩት ይህንኑ ነው፦ «ባለቤቱ ሲመጣ ንገሪው፤ ይልቀቀው።» አደራ ነው፣ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይለቀቅም ብለን ተስማማን። እነግረዋለሁ አልሁ። የምር ነው ያልሁት።

ግን ደብተሩስ? ሴቷ ከሞተች ወዲህ ሙቀት ለክቼ አላውቅም። ኤክስፐርቱ ሊመጣ ሦስት ቀን ሲቀረው ደብተሩን አወጣሁና ባዶውን ወር ቁጭ ብዬ ሞላሁት። ሠላሳ፤ ሠላሳ አንድ፤ ሠላሳ፤ ሃያ ዘጠኝ፣ እውነት እንዲመስል። በሕይወቴ በግምት ቁጥር ስጽፍ ያ የመጀመሪያዬ ነው። እውነቱን ልነግረው ወስኜ ሳለ ውሸቱን ለምን አዘጋጀሁ? እግዜር ይወቀው። ላስቲኩንም መልሼ ለጠፍሁ። አምፖሎቹንም ሰቀልሁ። ወፉንም አስገባሁት።

ኤክስፐርቱ በመስከረም መጨረሻ መጣ። ፊቱ ቀልቶ፣ ወፍሮ፣ ቸኮሌት ይዞልኝ። የአንዷን ሞት ስነግረው ደንግጦ ተቀመጠ። ከዚያ ደብተሩን አነሣና ገጽ በገጽ ገለጠ። ብዙ ጊዜ ወሰደ። ቀና ሲል ዐይኑ እንባ አቅርሯል።

«አንቺ ሁሉን አድርገሻል። እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም። ብርዱ ነው የገደላት። መብራት የጠፋበት ቀን አለ፣ ይኸው፣ ሃያ አንድ። ያን ቀን ነው ብርዱ የገባባት።»

አፌን ከፈትሁ። ሾላው፣ ዝናቡ፣ አባቴ፣ ሁሉ አፌ ላይ ደርሷል። «አዎ፣ ብርዱ ነው» አልሁ።

ደብዳቤውን በዚያው ሳምንት ጻፈልኝ። ወፉንም በዚያኑ ዕለት ወሰደው። ነፋስ እንዳያገኘው ካፖርቱን አውልቆ የሽቦውን ቤት ሸፈነውና በሩን እንድይዝለት ጠየቀኝ። ያዝሁለት። ካፖርቱ ሥር ይጮኻል። መኪናው ጥጉን እስኪዞር ድረስ ሰማሁት። እትዬ በረንዳው ላይ ቆመው ነበር፤ ፊታቸውን አዙረው ገቡ፤ ያን ማታ እራት አልጠሩኝም።

ጥቅምት ላይ፣ ልሄድ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ፣ አባቴ ሊሰናበቱኝ መጡ። በሶና ማር ይዘውልኛል። ገና ከመቀመጣቸው በረንዳውን ቃኙ።

«ወፉስ?»

«ባለቤቱ ወሰደው፣ አባባ።»

«ነገርሽው?»

እትዬ ጓዳ ናቸው፤ ይሰማሉ።

«ነገርሁት።»

«ምን አለ?»

«ደስ አለው። ለቀቀው።»

አባቴ ተነሡ። ሁለት እጄን ያዙና ግንባሬን ሳሙኝ። «ጎሽ! ጎሽ የኔ ልጅ!» አሉ፤ ውጭ አገር መሄዴ የተረጋገጠ ዕለት እንኳ ፊታቸው እንዲያ አልበራም። ዱርቤቴ ገብተውም፣ በኋላ እንደሰማሁት፣ በየደረሱበት ያወሩት ስለ ትምህርቴ አልነበረም፤ ልጃቸው አንድ ፈረንጅ አስተምራ ወፍ ማስፈታቷን ነበር።